«ወንድሜ ይኑር ይሙት አላውቅም፤ እግዚአብሔርን እንዴት ብዬ ልመነው?»

ይህን የጻፈችልን ከመርሳ አካባቢ ያለች እህታችን ናት። ስሜ እንዳይወጣ ብላለች፣ አይወጣም። ደብዳቤዋ ረጅም ስለሆነ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ታናሽ ወንድሜ ከቤት ከወጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ልቀጠር ነው ብሎኝ የመኪናና የቤት ኪራይ ብሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እሱ ግን ከጓደኞቹ ጋር በአፋር አድርጎ ጅቡቲ ገባ። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከኦቦክ ነው። ‹ዛሬ ማታ ወይ ነገ ባሕሩን እንሻገራለን፣ ለእማዬ እንዳትነግሪያት› አለኝ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ከሳዑዲ የተመለሰ አንድ ልጅ የመን ውስጥ አይቼዋለሁ አለ። ሌላው ደግሞ የሰጠመችው ጀልባ ላይ ነበረ አለ። እናቴ ለግሸን ማርያም ተስላለች። መሬት ነው የምትተኛው፣ እህልም በግድ ነው። ባሕታዊ ነኝ ያለ ሰው ቤታችን መጥቶ ‹ለጥምቀት በዚህ በር ይገባል ብሎኛል ጌታ› አላት፣ ብርም ተቀብሏት ሄደ። ጥምቀት መጣ፣ አለፈ። አጎቴ ‹እርማችንን እናውጣ፣ ለቅሶ እንቀመጥ› ይላል። እናቴ ‹ልጄን በቁሙ አትቅበሩብኝ› ብላ ትጮኻለች። አንዲት ዘመዳችን ማኅበር ላይ ‹እምነታችሁ ቢጠነክር እስካሁን በመጣ ነበር› አለችን። እኔ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ ቆሜ እመለሳለሁ፣ አፌ ግን አይከፈትም። ተናድጃለሁ። በእግዚአብሔር ላይ መናደድ ኃጢአት ነው? ይመጣል ብዬ ልመን ወይስ ልተወው? ትንሽ ቀለል የሚለን ሙስሊሟ ጎረቤታችን ስትመጣ ነው። ቡና ሲፈላ መጥታ ከእናቴ ጎን ዝም ብላ ትቀመጣለች። ምን ብዬ ልጸልይ?»

እህቴ፣ አብሽሪ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ይህን ጥያቄ ይዘው የተቀመጡ ቤቶች በሐብሩም፣ በራያም፣ በቃሉም፣ በወረባቦም ብዙ ናቸው። እኛ አገር ስለ ስደት ሲወራ የሚወራው ስለ ደላላው፣ ስለ ብሩ፣ ስለ ባሕሩ ነው። ቤት የቀረችው እናትና እህት ማታ ማታ ምን ብለው እንደሚጸልዩ ማንም አይጠይቃቸውም። አንቺ ጠየቅሽ፣ ደግ አደረግሽ።

ከንዴትሽ ልጀምር። ቄስ አይደለሁምና ይህን ለንስሐ አባትሽ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። የማውቀውን ግን ልንገርሽ። እናትሽ የምትደግመው ዳዊት ቤት አለ አይደል? እሱን ግለጪና መዝሙር 12ን አንብቢ፤ በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 13 ተብሎ ተቆጥሯል። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ረስተኸኛል ነው የሚለው፣ በግልጽ፣ ፊት ለፊት። ቀጥለሽ 87ን አንብቢ። ብዙዎቹ የልቅሶ መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ፣ 87 ግን አይዞርም፤ በጩኸት ጀምሮ በጨለማ ያልቃል። አባቶቻችን ይህ ለአማኝ አፍ አይገባም ብለው ቆርጠው አላወጡትም። እናትሽ ዳዊት በደገመች ቁጥር እሱንም ትደግመዋለች። ጌታችን ራሱ በመስቀል ላይ «አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ» ያለው ከዚሁ ከዳዊት ነው፣ ከ21ኛው።

ስለዚህ አፍሽ ያልተከፈተው እምነት ስላለቀብሽ አይመስለኝም። ልብሽ የሚለው ሌላ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ስትቆሚ ማለት አለብኝ የምትዪው ሌላ። ሁለቱ አልገጥም ሲሉሽ ዝም አልሽ። እንግዲያው ልብሽ የሚለውን በዪው። «ወንድሜን የት አደረግኸው?» ማለት ጸሎት ነው። የተናደደ ሰው የሚናገረው አለ ብሎ ለሚያምነው ነው። እግዚአብሔርን ጨርሶ የተወ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ አይናደድም፣ መሄዱንም ይተወዋል። አንቺ ግን እየሄድሽ ነው።

ማርታን አስቢያት። አልዓዛር ታሞ ላኩበት፣ ጌታ ግን ሳይመጣ ቆየ፣ ወንድሟም ሞተ፣ ተቀበረ። ሲመጣ ወጥታ ተቀበለችውና «ጌታ ሆይ፥ አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር» አለችው። ይህ የእህት ንግግር ነው፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። አልተቆጣትም። ማርያምም ያንኑ ቃል ደገመችለት፣ እሷንም አልተቆጣትም፤ ይልቁንም አለቀሰ።

እምነታችሁ ቢጠነክር በመጣ ያለቻችሁ ዘመዳችሁ ለክፋት እንዳላለችው እገምታለሁ። ሰው ሐዘን ሲያይ ይፈራል፣ ሲፈራ ደግሞ ምክንያት ይፈልጋል፣ ምክንያቱ እናንተ ቤት ውስጥ ከተገኘ የሷ ቤት የተረፈ ይመስላታል። የኢዮብ ወዳጆችም ያደረጉት ይኸው ነው። መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ብታነቢው እግዚአብሔር ኢዮብን ጠይቆ ጠይቆ ዝም ያሰኘዋል፣ ቁጣው የነደደው ግን በወዳጆቹ ላይ ነው፤ ስለ እኔ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ይላቸዋል። ለእግዚአብሔር የቆሙት ያ ሁሉ ጥብቅና ከንቱ ሆነ። እነዚያ ወዳጆች አንድ ደግ ነገር አድርገው ነበር፤ መጀመሪያ ሲመጡ 7 ቀንና 7 ሌሊት ቃል ሳይናገሩ መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ጎረቤታችሁ እያደረገችላችሁ ያለው ያንን ደጉን ነው። ወሎ ውስጥ ስላደግሽ ተራ ነገር መስሎሽ ይሆናል፤ መስጊድ የምትሄድ እናት ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ እናት ጎን ቁጭ ብላ «አላህ ያውቃል» ብላ ዝም ስትል ተራ ነገር አይደለም። ቡናውን አታስቀሩ።

አሁን ወደ ባሕታዊው ልምጣ። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው፣ ምክንያቱም እምነትሽን የሰበረው ከባሕሩ ይልቅ ይህ ሰው ይመስለኛል። ጌታ ለጥምቀት ይመጣል ብሎኛል አለ። ጥምቀት አለፈ፣ ወንድምሽ አልመጣም። ከዚያ አንቺም እናትሽም እግዚአብሔር ቃሉን አጠፈብን ብላችሁ ተቀመጣችሁ። አላጠፈም። መጀመሪያውኑ ያንን ቃል አልሰጠም። ዘዳግም 18 መጨረሻ ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ በእግዚአብሔር ስም የተናገረው ነገር ካልሆነ ያን ቃል እግዚአብሔር አልተናገረውም፣ ያ ሰው በድፍረት ተናግሮታል፣ አትፍራው ይላል። አትፍሪው እንግዲህ። በሐዘንተኛ ቤት ገብቶ የልጅ መምጫ ቀን ቆርጦ ብር የተቀበለ ሰው ያደረገው ነገር በደል ነው፣ ተመልሶ ከመጣም በር አይከፈትለት። ለንስሐ አባታችሁና ለሰበካው ንገሩ፣ ሌላ እናት ቤት እንዳይገባ።

ታዲያ እግዚአብሔር የሰጠው ቃል የቱ ነው? በዓለም ሳላችሁ መከራ አለባችሁ ብሏል፣ ዮሐንስ 16 ላይ ነው። እኔም ከእናንተ ጋር ነኝ ብሏል፣ የማቴዎስ መጨረሻ ላይ ነው። መከራ አይነካችሁም፣ ልጅ አይጠፋባችሁም፣ ባሕር አይወስድባችሁም ያለበትን ቦታ እኔ አላገኘሁም። ይህ ሲሰሙት ያንሳል። እኔም አንሶብኝ ያውቃል። ግን ያልተሰጠንን ቃል ይዘን ስንጠብቅ ከርመን ከምንሰበር፣ የተሰጠንን ቃል ብንይዝ ይሻላል ባይ ነኝ።

«ይመጣል ብዬ ልመን ወይስ ልተወው?» ብለሻል። እህቴ፣ ይህ ጥያቄ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ አስሯል። ወንድምሽ ይመጣል ብሎ መተማመን አንድ ነገር ነው፣ እግዚአብሔርን ማመን ሌላ ነገር ነው። ሰዎች አንድ ያደርጉብናል። ጠንክረሽ ይመጣል ካልሽ አማኝ፣ አላውቅም ካልሽ ተጠራጣሪ ትባያለሽ። እኔ ግን አላውቅም ማለት ኃጢአት አይመስለኝም፤ አታውቂማ! እውነቱን ነው የተናገርሽው።

ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ዕለት የሚነገረውን ታሪክ ታውቂዋለሽ። አናንያ፣ አዛርያ፣ ሚሳኤል። ሁላችንም የምናስታውሰው እሳቱ እንዳልነካቸው ነው። ሥዕሉም የሚያሳየው ያንኑ ነው። እኔን ሁሌ የሚይዘኝ ግን ገና ሳይጣሉ፣ እሳቱ ዳር ቆመው ለንጉሡ የሰጡት መልስ ነው። የምናመልከው አምላክ ሊያድነን ይችላል አሉ። ከዚያ ደግሞ ባያድነንም እንኳ ለምስልህ አንሰግድም አሉ። መልአክ እንደሚመጣ አያውቁም ነበር። ማንም ቀን ቆርጦ አልነገራቸውም። ይችላል የሚለውንም ባያድነንም የሚለውንም በአንድ አፍ ተናገሩ፣ እምነታቸውም ያኔ ሙሉ ነበር። ቢቃጠሉ ኖሮ እምነታቸው ይጎድል ነበር? አይጎድልም። ስንት ሰማዕት ነው ተቃጥሎ በየወሩ ስንክሳር የሚነበብለት!

አንቺም እንዲሁ ማለት ትችያለሽ። ልትመልሰው ትችላለህ፣ መልስልኝ። ባትመልሰውም ግን ካንተ ሌላ የምሄድበት የለኝም። ይህን ለማለት የተረጋጋ ልብ አያስፈልግም፣ እያለቀሱም ይባላል። አንድ ልጁ የታመመበት አባት ጌታን «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ያለው እየጮኸ ነው፣ ልጁም ተፈወሰለት። በጣም የምወደው ጸሎት ነው፣ እምነት የጎደለውን ሰው ሳያስመስል ስለሚያስገባ።

አሁን ያዕቆብን ላንሳልሽ፣ እሱ ከሁሉም በላይ እናንተን ይመስላል። ልጁን ነጋዴዎች ወስደው በባዕድ አገር ሸጡት። ለአባትየው የመጣለት ደም የነካው ልብስ ነው። ክፉ አውሬ በልቶታል ብሎ ደመደመ። ልጆቹ ሁሉ ተነሥተው ሊያጽናኑት ቢሞክሩ እምቢ አለ፤ እያዘንሁ ወደ ልጄ ወደ መቃብር እወርዳለሁ አለ። ዮሴፍ ሲሸጥ 17 ዓመቱ ነበር፣ ፈርዖን ፊት ሲቆም 30፣ ከዚያ 7 የጥጋብ ዓመት፣ 2 የረሃብ ዓመት። ደምሪው፣ ወደ 22 ዓመት ነው። ዘፍጥረትን በጥንቃቄ ብታነቢ አንድ ነገር ታገኛለሽ። እግዚአብሔር ለያዕቆብ ምዕራፍ 35 ላይ ተገልጦ ይባርከዋል፣ ከዚያ እስከ ምዕራፍ 46 ድረስ ሲያናግረው አናነብም። ያ ቤቴል ላይ በሕልም መሰላል ያሳየው፣ ሌሊቱን ሙሉ የታገለው አምላክ፣ ያዕቆብ በሕይወቱ ከምንም በላይ ድምፁን በሚፈልግበት ዘመን የተናገረው ነገር አልተጻፈም። ዮሴፍ በሕይወት አለ ብሎ አንድ ቃል ቢነግረው ኖሮ! አልነገረውም።

ይህን የምነግርሽ ወንድምሽ እንደ ዮሴፍ ይገኛል ልልሽ አይደለም። አላውቅም፣ እንደዚያ ብዬ ብጽፍልሽ ከባሕታዊው በምን ተሻልኩ? የምነግርሽ ስለ ዝምታው ነው። እግዚአብሔር ዝም ባለበት በዚያ ዘመን ሁሉ ከያዕቆብ ጋርም፣ ከዮሴፍ ጋርም ነበረ። እስር ቤት ውስጥ እግዚአብሔር ከዮሴፍ ጋር ነበረ ተብሎ ተጽፏል። ያዕቆብ ግን ያንን ምዕራፍ አላነበበም፣ እኛ ነን ያነበብነው። አንቺም ዛሬ የወንድምሽን ምዕራፍ ማንበብ አትችዪም። ባታነቢውም ግን እግዚአብሔር እዚያም አለ፣ የመን በረሃም ቢሆን፣ እስር ቤትም ቢሆን፣ የባሕሩም ሥር ቢሆን። ይህን የመጨረሻውን መጻፍ ከብዶኛል፣ ግን እሱንም ካላልኩ የማምነውን አልነገርኩሽም። ሞቶም ከሆነ እግዚአብሔር አልጣለውም።

ደግሞ ያዕቆብ እያዘነ ቤቱን አልዘጋም። ረሃቡ ሲመጣ ልጆቹን ምን ትተያያላችሁ፣ በግብፅ እህል አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ሄዳችሁ ሸምቱ ነው ያላቸው። የተሰበረ ልብ ይዞ ለቤተሰቡ እህል ያሰበ ሰው ነው። የ77ቱን ድርቅ ያየ የወሎ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። እናትሽ በዚያ ጊዜ የነበረች ከሆነ፣ እናቷ ወይም አያቷ ምን ብለው ይጸልዩ እንደነበር ጠይቂያት። ምናልባት የምታስታውሰው ይኖራል፣ ስትነግርሽም እሷው ትሰማዋለች።

ስለ ረሃብ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አገር መከራ ሁሉ ቶሎ ለእግዚአብሔር ይሰጣል። «እሱ ያመጣው ነው» ይባላል። በ66ቱ ረሃብ የወሎ ሕዝብ ያለቀው ዝናብ ስለቀረ ብቻ አልነበረም፤ መንግሥት ረሃቡን ስለደበቀና እርዳታው ስለዘገየም ነው። የሰው ሥራ ነበረበት። በወንድምሽም ጉዳይ ልጆችን በሳዑዲ ሪያል የሚያማልል ደላላ አለ፣ ጀልባ ከልክ በላይ የሚጭን ሰው አለ፣ ተምሮ ሥራ ያጣ ወጣት አለ። ይህን ሁሉ ትተሽ «እግዚአብሔር ወንድሜን ወሰደብኝ» አትበዪ። በደለኞቹን በነጻ አታሰናብቻቸው።

ራስሽንም ከበደለኞቹ ጋር አትደርድሪ። ለኮምቦልቻ ብለሽ ነው የሰጠሽው። ሥራ እንዲይዝልሽ ነው። የዋሸሽ ደግሞ እንዳትጨነቂ ብሎ ነው፣ ወንድም ያደርገዋል። ሰሊሆም ላይ ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች ሲሞቱ ጌታ እነሱ ከሌላው ይልቅ በደለኞች መሰሏችሁን? አይደለም ነው ያለው። መከራ የደረሰበትን ቤት ኃጢአት ፈልጉበት አላለም። ያ ብር ንስሐ የሚገባበት ነገር የለውም። ከከበደሽ ግን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸውና እሳቸው ይንገሩሽ፣ ከሰው አፍ መስማቱ ይረዳል።

አጎትሽ እርም እናውጣ ማለታቸው ገብቶኛል። ሐዘን መልክ ሲኖረው ይሻላል፤ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ሰው ይመጣል፣ ይለቀሳል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይወጣል። የእናንተ ሐዘን ግን ድንኳን የለውም። ማንም «እግዜር ያጥናችሁ» አይላችሁም፣ ማንም «እንኳን ደስ አላችሁ» አይላችሁም። በጣም ከባዱ ሐዘን ይህ ነው። ቢሆንም እናትሽ ሳትፈቅድ፣ የታወቀ ነገርም ሳይኖር ለቅሶ አትቀመጡ። ለአጎትሽ በአክብሮት «እማዬ እስክትቆርጥ ይቆየን» በዪያቸው። አንቺ ደግሞ ማልቀስ ካማረሽ አልቅሺ፣ እናትሽ እንዳታይሽ ብለሽ ጓዳ አትደበቂ። አንዱ እየጠበቀ አንዱ እያለቀሰ በአንድ ቤት መኖር ይቻላል። የእሷን ተስፋ አትንጠቂያት፣ ያንቺን ዕንባም አትንጠቅሽ። በጸሎት ላይ በሕያዋን ይጠራ ወይስ በሙታን የሚለውን ንስሐ አባታችሁ ይወስኑላችሁ። ቤተ ክርስቲያን ስለ መንገደኞች የምትጸልየው ጸሎት አላት፣ ቀሳውስቱን ጠይቋቸው። አንቺ ግን ቤትሽ ስትጸልዪ የክርስትና ስሙን ጠርተሽ «አንተ ታውቀዋለህ» ብትዪ ይበቃል።

እኔም ነሐሴ 2013 ላይ ወልድያ ስልክ ሲቆረጥ እናቴ እዚያ ነበረች። እስከ ታኅሣሥ ድረስ ወሬዋን አላገኘሁም። ቀን ቀን ደህና እሆናለሁ፣ ሌሊት ግን በሐሳቤ እቀብራታለሁ፣ ሲነጋ ደግሞ ትነሣለች፣ ማታ ተመልሼ እቀብራታለሁ። በኋላ ስሟን ጠርቼ «አንተ ታያታለህ፣ እኔ አላያትም» ብዬ መተኛት ጀመርኩ። አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን አይሠራም። እናቴ በሕይወት ተገኘች። የጎረቤቷ ልጅ ግን አልተገኘም፣ የዚያች እናት ጸሎት ከእኔ ጸሎት ያነሰ እንዳልነበረ በደንብ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ማንም «ስለጸለይኩ መጣልኝ፣ አንቺም ጸልዪ» ሲል ዝም ብዬ የማላልፈው።

ምን ብዬ ልጸልይ ላልሽው፣ ጳውሎስ ሮሜ 8 ላይ እንዴት እንድንጸልይ እንደሚገባን አናውቅም ይላል። ራሱ ጳውሎስ! መንፈስ ራሱ በማይነገር መቃተት ይማልድልናል ብሎ ይቀጥላል። ሰዎች ለለቅሶ ቤት የሚያመጡት «ሁሉ ለበጎ ነው» የሚለው ቃል ከዚያው ምዕራፍ፣ ከዚያው ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ከላዩ ያለውን መቃተት ዘለው በጎውን ብቻ ይዘው ይመጣሉ። አንቺ ከመቃተቱ ጀምሪ። ቤተ ክርስቲያን ገብተሽ ቃል ካልመጣልሽ ቁሚ፣ እጣኑ ይሽተትሽ፣ ሌሎቹ ሲያዜሙ አድምጪ። አፍሽ እስኪከፈት የእነሱ አፍ ይጸልይልሽ። ለዚህ ነው ማኅበረ ምእመናን ያለው።

እናትሽን በተመለከተ፣ እህል ትቅመስ፣ አልጋ ላይ ትተኛ። ኤልያስ ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ ብሎ ዛፍ ሥር ሲወድቅ እግዚአብሔር መልአክ ልኮ መጀመሪያ ያደረገለት እንጎቻና ውሃ ማቅረብ ነው፤ በልቶ ተኛ፣ ዳግመኛ በላ፣ ከዚያ በኋላ ነው ንግግር የመጣው። እምቢ ካለች፣ እንቅልፍም ጨርሶ ካጣች፣ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ጸበሉንም ትጠጣ፣ ሐኪሙም ይያት፣ መጽሐፈ ሲራክ 38ም ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ስለቱን ደግሞ ልጄ ከመጣ እያለች አታሳድረው፤ አቅሟ ከቻለ መስከረም 21 ግሸን ትውጣ፣ ከመስቀሉ ደጅ ደርሳ ታልቅስ። ባይመጣም መሄድ ትችላለች።

አንድ ሥራ ግን አሁኑኑ አለብሽ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር ሆኖ የጠፉ ቤተሰቦችን ያፈላልጋል። በነጻ ነው። በአቅራቢያችሁ ወዳለው ቅርንጫፍ ሂጂና ፋይል አስከፍቺ። የወንድምሽን ሙሉ ስም ከነአያቱ፣ ዕድሜውን፣ ፎቶውን፣ መጨረሻ የደወለበትን ቀንና ቦታ፣ አብረውት የሄዱትን ልጆች ስም ይዘሽ ሂጂ። ቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ በጅቡቲም በየመንም ስላሉ መረጃው እዚያ ድረስ ሊሄድ ይችላል። ቶሎ መልስ ላይመጣ ይችላል፣ ያንን አውቀሽ ግቢበት። ያ አየሁት ያለውንም ልጅ ፈልገሽ አግኚው፣ የት ከተማ፣ መቼ፣ ከማን ጋር እንዳየው ጠይቂውና ጻፊው። ከመጋቢት 2014 ጀምሮ ከመቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ከሳዑዲ ለመመለስ ተስማምተው ሲያመጡ ብዙዎቹ እስር ቤት የቆዩ ነበሩ። ስልክ የማይገኝበት ቦታ ያለ ሰው አለመደወሉ ብቻውን የሞት ማስረጃ አይሆንም፣ የመኖርም ማስረጃ አይሆንም።

ደግሞ ተጠንቀቂ። «ወንድምሽ እኛ ጋ ነው፣ ብር ላኪ» የሚል ሰው ከደወለ የወንድምሽን ድምፅ ካልሰማሽ፣ እሱና አንቺ ብቻ የምታውቁትን ነገር ጠይቀሽ ካልመለሰልሽ አንድ ብር አትላኪ። ቤታችሁ ልጅ እንደጠፋበት አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ ይህን የሚጠቀምበት አይጠፋም። ከደወሉ ብቻሽን አትወስኚ፣ አጎትሽን አማክሪያቸው። ለቅሶ ለመቀመጥ የቸኮሉት ጉልበት እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ቀይ መስቀል ሄደሽ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ። የወንድምሽን የክርስትና ስምም ላኪልኝ። እኔም ማታ ማታ ከእናንተ ጋር እጠራዋለሁ።